ያገለገለ የናፍጣ ሞተር ሳይሞቅ መመርመር እንደሚገባ

በቅሎ ለመግዛት ወደ ገበያ የሚወርድ ገበሬ አስቀድሞ የዋጋ ነገር አያነሣም። አፏን ከፍቶ ጥርሷን ያያል፤ ኮቴዋን አንሥቶ ይመረምራል፤ ጀርባዋን ዳብሶ የኮርቻ ቁስል እንዳለባት ወይም እንደሌለባት ያረጋግጣል፤ ከዚያም ዳገት አስወጥቶ ትንፋሿን ያዳምጣል። የዚሁ ገበሬ ልጅ ግን ወደ ከተማ ገብቶ፥ ነግዶ ወይም ደመወዙን አጠራቅሞ፥ በብዙ በቅሎ ዋጋ አንድ ያገለገለ መኪና ሊገዛ በተነሣ ጊዜ የሚያየው ቀለሙን፥ የሚጠይቀው የተሠራበትን ዓመት፥ የሚሰማውም የደላላውን ቃል ነው። ኮፋኖው ቢከፈትለትም የሚታየው በዚያው ጧት ታጥቦ የሚያብረቀርቅ ብረት ስለ ሆነ፥ አይቶ ራሱን ነቅንቆ ይዘጋዋል። አባት በበቅሎዋ ላይ ያደረገውን ጥንቃቄ ልጅ በመኪናው ላይ ሊያደርግ ያልቻለው ሞኝ ሆኖ ሳይሆን ምን እንደሚታይና መቼ እንደሚታይ የነገረው ስለሌለ ነው።

ይህ ነገር ቀድሞም ቀላል አልነበረም፤ በዘመናችን ግን ይልቁን ከብዷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባረጁ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ውሳኔው የራሱ ምክንያት አለው፤ ከርሱ የሚከተለው ነገር ግን በግልጽ ሊታወቅ ይገባል፤ ይኸውም ቀደም ብለው የገቡት የናፍጣ መኪናዎች በአዲስ ሳይተኩ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩ መሆናቸው ነው። አንድ ሞተር ሃያ ዓመትና ከዚያም በላይ አገልግሎ፥ ሦስትና አራት ባለቤት ለውጦ፥ ገና «ምንም ያልተነካ» እየተባለ ይሸጣል። ገዢውም ብዙ ጊዜ ለሽርሽር የሚፈልገው ባለጠጋ አይደለም። የእቁብ ገንዘቡን፥ የሚስቱን ወርቅና ከዘመድ የተበደረውን አንድ ላይ አድርጎ ዶልፊን የሚባለውን አነስተኛ አውቶቡስ በመግዛት ልጆቹን ሊያሳድግ ያሰበ ሰው ነው። ሞተሩ በሦስተኛው ወር ቢቆምበት ዕዳው አይቆምለትም።

ምርመራው ምን መሆን እንዳለበት ለማወቅ የናፍጣ ሞተር እንዴት እንደሚሠራ በጥቂቱ መረዳት ያስፈልጋል። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 በአውግስቡርግ ከተማ ሠርቶ ያሳየው ሞተር ከቤንዚኑ የሚለየው በአንድ ዋና ነገር ነው። የቤንዚን ሞተር ነዳጁን የሚያቀጣጥለው በካንዴላ ብልጭታ ሲሆን የናፍጣው ብልጭታ የለውም። አየር ብቻውን ወደ ሲሊንደሩ ይገባና በፒስተኑ ከ16 እስከ 22 እጥፍ ይጨመቃል፤ በመጨመቁም ብቻ ከ500 ዲግሪ በላይ ይግላል፤ ናፍጣው በዚህ በጋለ አየር ውስጥ ሲረጭ በራሱ ይቀጣጠላል። ስለዚህ የናፍጣ ሞተር ሕይወቱ በጭመቃው ላይ ነው። በፒስተኑ ዙሪያ ያሉት ፋሻዎች ሲያልቁ፥ የሲሊንደሩ ግድግዳ ሲበላ፥ ወይም ቫልቮቹ አጥብቀው መግጠም ሲሳናቸው፥ አየሩ በክፍተቱ ያፈተልካል፤ ያፈተለከው አየር በቂ ሙቀት ስለማይሰጥ ናፍጣው ሳይቃጠል ይቀራል ወይም ዘግይቶ ይቃጠላል።

ይሁን እንጂ ይህ ጉድለት ዘወትር አይታይም። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ብረቱ ይሰፋል፥ ክፍተቱም ይጠባል፤ የሲሊንደሩ ግድግዳ ሙቅ ስለ ሆነ ወደ ውስጥ የገባው አየር ሙቀቱን አያጣም። በዚህ ጊዜ ያረጀውም ሞተር እንደ ጤነኛው በአንድ ንክኪ ይነሣል። በቀዝቃዛ ማለዳ ግን፥ ይልቁንም በኅዳርና በታኅሣሥ፥ መኪናው ውጭ አድሮ ሲነሣ የሚሸፍነው ነገር የለም። የአንድ የናፍጣ ሞተር ምስክርነት ሳይሞቅ በተነሣበት በመጀመሪያው ደቂቃ ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ የሚደረገው ምርመራ ሁሉ ቢጠቅምም ይህን አይተካም።

ሻጮች ይህን ያውቃሉ። ስለዚህም በጨዋ ቃል «እርስዎ ምን አደከምዎ፥ ቤትዎ ድረስ ይዤልዎ እመጣለሁ» ይላሉ። ገዢው አመስግኖ ይቀበላል፤ መኪናውም ሞተሩ በደንብ ሞቆ ከደጁ ይደርሳል። ሁሉም በተንኰል ያደርጉታል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን በቅንነትም ቢደረግ ውጤቱ አንድ ነው። ገዢው መሄድ ያለበት ራሱ ነው፤ የሚሄድበትም ጊዜ ማለዳ ሆኖ መኪናው ካደረበት ስፍራ ሳይንቀሳቀስ ሊደርስበት ይገባል። እንደ ደረሰም ከሁሉ አስቀድሞ እጁን በቴስታታው ላይ ያሳርፍ። ብረቱ ለብ ካለ ሞተሩ ቀድሞ ተነሥቷልና ሰላምታ ሰጥቶ በሌላ ቀን ቢመለስ ይሻለዋል።

ከዚያ በኋላ ቁልፉ ይዞራል። በመሣሪያ ሰሌዳው ላይ የምትታየው የማሞቂያዋ መብራት በርታ እስክትጠፋ ጥቂት ሴኮንድ መታገሥ ይገባል፤ ያን ጊዜ በየሲሊንደሩ ያሉት ማሞቂያዎች ይግላሉ። ሞተሪኖው ሲዞር ጤነኛ ሞተር በሁለትና በሦስት ሴኮንድ ውስጥ ይነሣል። ረጅም ጊዜ እየዞረ ያለ እንደ ሆነ፥ ወይም ተነሥቶ አንዱ ሲሊንደር እንደ ተኛ እያነከሰ የሚንቀጠቀጥ እንደ ሆነ፥ ምክንያቱን መለየት ያስፈልጋል እንጂ ወዲያው መፍረድ አይገባም። ባትሪው ደክሞ ሞተሪኖው ቀስ ብሎ ቢዞር በደሉ የባትሪው ነው። አንዱ ማሞቂያ ተቃጥሎ ከሆነ ሞተሩ ለጊዜው ይንቀጠቀጣል፥ ነጭ ጭስም ይተፋል፥ ነገር ግን ብዙ ሳይቆይ ይስተካከላል፤ ማሞቂያውም በቀላል ወጪ ይለወጣል። ባትሪውም ማሞቂያውም ደኅና ሆነው ሞተሩ አልነሣ ብሎ የሚያስቸግር ከሆነ ግን ወይ ጭመቃው ቀንሷል ወይ የናፍጣው አረጫጨት ተበላሽቷል፤ ሁለቱም ብዙ ገንዘብ የሚጠይቁ ናቸው።

አንድ ሰው በመሪው ዘንድ ሲቀመጥ ሁለተኛው ከበስተኋላ ቆሞ ማርሚታውን ይመልከት። በማለዳ የሚወጣ ዐይን የሚያቃጥል ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው፤ በአንድና በሁለት ደቂቃ ከጠፋ አያስፈራም። ሞተሩ ከሞቀም በኋላ የሚቀጥል፥ ሽታውም የናፍጣ ሽታ ያልሆነ ነጭ ጭስ ግን ውኃ ወደ ሲሊንደሩ መግባቱን ስለሚያመለክት ያስፈራል። ሰማያዊ ጭስ የሞተሩ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ያስታውቃል፤ ይህም የፋሻ ወይም የቫልቭ ማለቅ፥ ተርቦ ያለው እንደ ሆነም የተርቦው ማርጀት ነው። ጥቁር ጭስ ናፍጣው ከአየሩ በመብለጡ የሚመጣ ነው።

ስለ ጥቁሩ ጭስ በደጋ አገር ላሉ ገዢዎች ለብቻው ሊነገር የሚገባ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ወደ አንድ አራተኛ ያህል ያንሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር በያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኘው አየር በዚያው ልክ ሲቀንስ፥ ፖምፓው ግን በባሕር ጠለል የተለካውን ናፍጣ መስጠቱን አይተውም። ከጅቡቲ ወደብ ሲነሣ ጭሱ የማይታይ የጭነት መኪና ወደ ደጋው ሲወጣ ጥቁር የሚተፋውና ጉልበቱም የሚደክመው ስለዚህ ነው። በዳገት ላይ ጥቂት ጥቁር ጭስ ያየ ገዢ «ሞተሩ አልቋል» ብሎ ዋጋ ለመስበር ቢነሣ ሻጩን ይበድላል። የአየር ማጣሪያውን አስወጥቶ አቧራ የሞላበት መሆኑን ማየትና ፖምፓውን በባለሙያ ማስለካት ይበቃዋል። ጭሱ በሜዳም በዝግታም የማይጠፋ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ከጭሱ ቀጥሎ የሞተሩ ትንፋሽ ይታያል። ሞተሩ በዝግታ እየሠራ ሳለ የዘይት መጨመሪያው ክዳን ይፈታና ተገልብጦ በዚያው በአፉ ላይ ይቀመጣል። ጤነኛ በሆነ ሞተር ላይ ክዳኑ ጥቂት ይንቀጠቀጣል እንጂ ከስፍራው አይለቅም። ባረጀው ግን ከሲሊንደሩ አፈትልኮ ወደ ታች የወረደው ግፊት ክዳኑን ያነሣዋል ወይም ይጥለዋል፤ በአፉም እንደ ድስት እንፋሎት ያለ ጭስ ይወጣል። ይህ ምርመራ መሣሪያ አይፈልግም፤ አምስት ሳንቲምም አያስወጣም። እንዲያውም ብዙ የደላላ ንግግር ከሚሰማ ሰው ይልቅ ይህን ክዳን የተመለከተ ሰው ብዙ ያውቃል።

የዘይቱ መጥቈር ብዙዎችን ያስደነግጣል፤ ሊያስደነግጥ ግን አይገባም። የናፍጣ ሞተር ዘይት በተለወጠ በጥቂት ቀን ውስጥ ይጠቍራል፤ ይህም ጥላሸቱን ከብረቱ ላይ እያጠበ መሆኑን ያሳያል። ይልቅስ ሊያጠራጥር የሚገባው በሽያጩ ቀን እንደ ማር የጠራ ዘይት ነው፤ ዛሬ ለምን ተለወጠ ብሎ መጠየቅ ይገባል። ጭስን ለመሸፈንና የሞተሩን ድምፅ ለማለስለስ ሲባል ከልክ በላይ የወፈረ ዘይት የሚጨምሩም አሉ። በክዳኑ ሥር ወተት የመሰለ ነገር ቢገኝ ውኃ ከዘይቱ ጋር ተገናኝቷል። የዘይቱ መለኪያ ዘንግ ከልኩ በላይ ከፍ ብሎ ዘይቱም ቀጥኖ ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት ከሆነ ደግሞ ናፍጣው ወደ ዘይቱ እየወረደ ነውና እንዲህ ያለውን ሞተር ከማስነሣት መቆጠብ ይሻላል።

የራዲያተሩ ክዳን የሚከፈተው ሞተሩ ሳይሞቅ ብቻ ነው፤ ሲሞቅ የከፈተ ሰው ፊቱን ያቃጥላል። ውኃው ዝገት የመሰለ ወይም ዘይት የተንሳፈፈበት እንዳይሆን፥ ሞተሩ ከተነሣም በኋላ ያለማቋረጥ አረፋ እንዳይወጣበት ማየት ይገባል። ሞተሩ ገና ሳይሞቅ የላይኛው የውኃ ጎማ እንደ ድንጋይ የሚጠጥር ከሆነ በቴስታታውና በታችኛው አካል መካከል ያለው ጓርኒሲዮን ተበስቶ የሲሊንደሩ ግፊት ወደ ውኃው ገብቷል። በደጋ ደግሞ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በአዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለ ሆነ፥ ግፊቱን የሚይዘው የራዲያተር ክዳን ቢላላ ሞተሩ ፈጥኖ ይፈላል። አንድ ጊዜ ክፉኛ የፈላ የናፍጣ ሞተር ቴስታታው ተጣሞ ወይም ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል።

እስካሁን የተነገረው በዐይንና በእጅ የሚሠራ ነው። ጭመቃውን በመሣሪያ ማስለካት ግን ከሁሉ የታመነ ሆኖ ሳለ በገበያችን ከሁሉ ያነሰ ልማድ ነው። መካኒኩ ማሞቂያዎቹን ወይም ናፍጣ የሚረጩትን ኢንጀክተሮች ፈትቶ መለኪያውን በየሲሊንደሩ ያስገባል፤ ሥራው ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል። እዚህ ላይም የከፍታው ነገር ይመጣል። ፋብሪካው በመጽሐፉ የጻፈው ቁጥር ለባሕር ጠለል አየር የሚስማማ ነው፤ ለምሳሌ መጽሐፉ 36 አትሞስፌር የሚል ቢሆን በአዲስ አበባ ጤነኛው ሞተር ከ27 ብዙ ላያልፍ ይችላል። ይህን ያልተረዳ መካኒክ ደኅናውን ሞተር «ያረጀ» ይለዋል፤ ይህን የተረዳ ደላላ ደግሞ በእውነት ያረጀውን «ከፍታው ነው» ብሎ ይሸፍንበታል። ከሁለቱም የሚያድነው የሲሊንደሮቹን ቁጥር እርስ በርሳቸው ማነጻጸር ነው፤ ከፍታው ሁሉንም እኩል ይቀንሳልና። አራቱ ሲሊንደሮች 27፥ 27፥ 26፥ 27 ቢያሳዩ ሞተሩ አንድ ልብ ነው፤ አንደኛው ወደ 21 ቢወርድ ግን ያ ሲሊንደር ታሟል፤ ከፍታም አያመካኝለትም።

ሞተሮች ሁሉ በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። በላንድ ክሩዘር ላይ የሚገኘው ባለ 4.2 ሊትርና ባለ 6 ሲሊንደሩ «1ኤች.ዜድ.» እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ የተሠራ፥ ፖምፓው በጥርስና በምንጭ ብቻ የሚገዛ፥ ተርቦም የሌለው ሞተር ነው፤ ሲያረጅ ቀስ ብሎ፥ እየጮኸና እያስጠነቀቀ ያረጃል፤ ከላይ የተነገረው ምርመራም ለርሱ ፈጽሞ የተስማማ ነው። ባለ 3 ሊትሩ «1ኬ.ዲ.» ግን ተርቦ ያለው፥ ናፍጣውንም ከ1,000 አትሞስፌር በላይ በሆነ ግፊት በኤሌክትሪክ ትእዛዝ የሚረጭ ነው። እንዲህ ያለው ሞተር ጭመቃው ደኅና ሆኖ ሳለ ኢንጀክተሮቹ አልቀው ሊሆን ይችላል፤ ያለቀ ኢንጀክተርም ያለ ልክ ሲረጭ ፒስተኑን እስከ መሰንጠቅ ይደርሳል። በማለዳ ሳይሞቅ እንደ መዶሻ የሚያንኳኳ ድምፅ ቢሰማ፥ ከየኢንጀክተሩ የሚመለሰውን ናፍጣ በየብርጭቆው አስለክቶ አንዱ ከሌላው እጅግ አለመብለጡን ማረጋገጥ ይገባል። ውኃ ወይም ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ናፍጣ አሮጌውን ሞተር ሲያደክመው አዲሱን ይገድለዋል። ስለዚህ «አዲስ ሞዴል ነውና አስተማማኝ ነው» የሚለው ንግግር በናፍጣ ሞተር ዘንድ ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ የተገለበጠ ነው።

የሞተሩን ጊዜ የሚያስተካክለው ቺንጋ ብዙ ጊዜ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ገደማ መለወጥ አለበት፤ የተለወጠበት ደረሰኝ ከሌለ እንዳልተለወጠ ቆጥሮ የመለወጫውን ዋጋ ከገንዘቡ መቀነስ ነው። ቢበጠስ ፒስተኑ ከቫልቮቹ ጋር ይጋጫል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ቁጥር ማመን አይገባም፤ የፍሬኑና የፍሪሲዮኑ ፔዳል ጎማ የተበላበትን፥ የመሪው ቆዳ የነጣበትን ማየት ከቁጥሩ ይበልጣል። በሊብሬው ላይ የተጻፈው የሞተር ቁጥርም በብረቱ ላይ ከተቀረጸው ጋር መተያየት አለበት፤ ካልተስማሙ ሞተሩ ተለውጧል፤ መለወጡም በሕግ ካልተመዘገበ ችግሩ የገዢው ይሆናል። መኪናው ዘንድሮ ቦሎ መለጠፉ ለዚህ ሁሉ ማስረጃ አይሆንም፤ ዓመታዊው ምርመራ መኪናው ለመንገድ ብቁ መሆኑን ለማየት የተሠራ እንጂ የሞተሩን ዕድሜ ለመመዘን የተሠራ አይደለም።

በመጨረሻ ዳገት አለ። ከአዲስ አበባ ወደ እንጦጦ የሚወጣው መንገድ ለዚህ ይበቃል። ወደ ጎጃም ለሚሠራ መኪና ደግሞ የሚጠብቀው ፈተና የዓባይ ሸለቆ መሆኑ መዘንጋት የለበትም፤ ከድልድዩ እስከ ደጀን መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ሞተሩ በከፍተኛ ማርሽ ተጭኖ ሲወጣ የሙቀቱ መለኪያ ከስፍራው እንዳይነቃነቅ፥ ከዳገቱ ራስ ላይ ቆሞ በዝግታ ሲሠራም የዘይት ግፊቱ መብራት እንዳይበራ መመልከት ነው።

ሻጮች በዚህ ላይ የሚያነሡት መከራከሪያ አላቸው። «ለማላውቀው ሰው መኪናዬን ግማሽ ቀን አሳልፌ እንዴት እሰጣለሁ? ሞተሬንስ እንዴት አስፈታለሁ?» ይላሉ። አነጋገሩ እውነት አለበት። መድኃኒቱ ግን አስቸጋሪ አይደለም፤ ሻጩ ራሱ ከመኪናው ጋር ይቀመጥ፥ የመካኒኩን ዋጋ ገዢው ይክፈል፥ የተፈታውንም መልሶ የማስገጠም ግዴታ የገዢው ይሁን። መካኒኩ ግን የገዢው መሆን አለበት እንጂ ደላላው «ወንድሜ ነው» ብሎ የሚያመጣው ሊሆን አይገባም፤ ደላላው የሚከፈለው ሽያጩ ሲፈጸም ብቻ ነውና። ይህን ሁሉ እሺ ብሎ፥ መኪናውን ሳይሞቅ ለማሳየት ብቻ እንቢ የሚል ሻጭ ካለ፥ ሊነገር የሚፈልገውን ነገር በራሱ አፍ ተናግሯል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2287 ጀምሮ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት መድን መሆኑን ይደነግጋል፤ ገዢም ዕቃውን ፈጥኖ እንዲመረምርና ያገኘውን ጉድለት ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዝዛል። በልማድ ግን የመኪና ውል አራትና አምስት መስመር ሆኖ «መኪናውን አይቼ ወድጄ ገዝቻለሁ» በሚል ቃል ይዘጋል፤ ገዢውም ምን እንዳየ ሳያውቅ ይፈርምበታል። ከዚህ ይልቅ የታየው ነገር ሁሉ በውሉ ውስጥ ቢገባ ለሁለቱም ወገን ይበጃል፤ ሞተሩ ሳይሞቅ በስንት ሴኮንድ እንደ ተነሣ፥ የየሲሊንደሩ ጭመቃ ስንት እንደ ሆነ፥ ቺንጋው መቼ እንደ ተለወጠ፥ ሻጩ ራሱ የተናገረው ጉድለትም ምን እንደ ሆነ ይጻፍ። ያረጀ ሞተርም ቢሆን ማርጀቱ ታውቆ፥ የማሳደሻው ዋጋ ተሰልቶ ከገንዘቡ ከተቀነሰ ሊገዛ ይችላል፤ እንዲህ ተገዝተው፥ ፋሻቸው ተለውጦ፥ ሲሊንደራቸው ተስተካክሎ ዛሬም ጭነት የሚያመላልሱ መኪናዎች በየመንገዱ ይታያሉ።